በጎን የተሣለች ሴት

ፀዳ ከተማ፣ ልጄ ከሠራው ቤት አጥር ማዶ አንድ ወጣት ጎረቤት አለን። ለእንግዳ የሚሸጥ ትንንሽ የብራና ሥዕል እየሠራ ነው የሚተዳደር። በቀደም ማለዳ ግቢው ውስጥ የፍየል ቆዳ ወጠረ። ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የወጣ ቆዳ ሽታ አለው፤ የበሰበሰ ነገርም አይደለም፣ የትኩስ ሥጋም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ አፍንጫ ሥር ገብቶ የሚቀመጥ ነው። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ምራቴ "እማማ፣ ምነው በዚህ ሙቀት ዘጉት?" አለችኝ። "ሽታው" አልኋት። "የምን ሽታ?" አለች። ለእሷ አይሸታትም። እኔ ግን የልጅነቴን ግማሽ በዚህ ሽታ ውስጥ ነው የኖርሁት፤ መስኮቱን ዘግቼም አልወጣልኝ አለ። ቁጭ ብዬ እናቴን ሳስባት ዋልሁ።

ያን ጊዜ ቤታችን ከፋሲል ግቢ ግንብ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ደብራችን በሚወስደው የድንጋይ መንገድ ዳር ነበር። ዘመኑ የማን ነበር ብትሉኝ፣ ቢሮ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ከዚያ የዘለለ አልናገርም። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ጋሪ በስሙኒ ከፒያሳ ቅዳሜ ገበያ ያደርስ ነበር፤ የፈረሱ ቃጭል ገና ከሩቅ ይሰማል። ዛሬ በዚያው መንገድ ባጃጅ ሲጯጯኽበት ይውላል። ጣሊያን ከሠራው ሲኒማ ቤት ጥግ አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያወጡትና ቦላሌ ሱሪ ያደረጉ ጎረምሶች ግድግዳውን ተደግፈው ዘፈን ይሰማሉ። ከዘፈኖቹ የአንዱ ዜማ አሁንም አፌ ላይ አለ፤ ግጥሙ ግን ጠፍቶኛል። እኛ ልጃገረዶቹ በአጠገባቸው ስናልፍ የናይለን ሻርፓችንን እናስተካክላለን፣ የላስቲክ ጫማችን በፀሐዩ ግሎ እግራችን ላይ ይጣበቃል፣ እንዳላየናቸው ሆነን እናልፋለን። ሻርፑ ከዓረብ ሱቅ ነበር የሚገዛ፤ ሮዝና ሎሚ ቀለም ያለው። ያን ቀለም ዛሬ የትም አላየውም።

እናቴ አስካለ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለ ፔዳል የስፌት ማኪናዋን በረንዳ ላይ ታወጣና የሰፈሩን ሁሉ ትሰፋለች፤ የካህናቱን ቀሚስ፣ የመዘምራኑን ልብስ፣ የደብሩን መጋረጃ። አባቴ ወደ ሳንጃ ቆላ እየወረደ ሰሊጥ ይነግድ ነበር፤ አንድ ዓመት ወባ ይዞት በሰው ማኪና ተጭኖ መጣ፤ ቤቱ ከገባ በኋላ ብዙም አልቆየ። እናቴ ሐዘኗን ጨርሳ ጥቁሯን ስታወልቅ ገና ወጣት ነበረች። ደማም ሴት ናት። ነጭ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ጥለቱን ከሸማኔው ጋር ተጨቃጭቃ ቢጫና ሐምራዊ አከታትላ ታሠራዋለች፤ እንደዚያ ያለ ጥለት ሌላ ሴት ላይ አይታይም። አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት፤ የታችኛው መስመር ግራ በኩል ሲደርስ ይቋረጣል። ልጅ ሳለች፣ አገሯ ጭልጋ፣ ነቃሿ ሴትዮ ስትወጋት አመማትና ተነሥታ ሮጠች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጨረሰላት። ሰው ሲጠይቃት "ግማሽ ጌጥ ነኝ" እያለች ትስቅ ነበር።

የኔታ ደርሶ ከእኛ ቤት በላይ፣ በደብሩ ቅጥር ሥር ነበር የሚኖር። መጻሕፍት ይጽፋል፣ ጽፎም ያስጌጣል። ሰው ሁሉ አንቱ ይለው ነበር፤ እኔም በፊቱ አንቱ ብዬዋለሁ። አሁን ስለ እሱ ስናገር ግን ምላሴ እምቢ ይለኛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እጁ እጅ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በየምዕራፉ ራስ ላይ የሚሠራው ሐረግ፣ ገመድ ከገመድ ጋር እየተጠላለፈ፣ በቀይ ገብቶ በቢጫ እየወጣ፣ መነሻው ከየት መድረሻውም ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን መስመር በዓይኔ ይዤ ልከተለው እልና መሃል ላይ ሲደርስ ያመልጠኛል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ደቁሶ ወራት ያቦካዋል። ቀዩንና ሰማያዊውን በዱቄት ከዓረብ ሱቅ ያስመጣና በእንቁላል አስኳል ይለውሰዋል፤ በየፍየሉ ቀንድ ሞልቶ ፀሐይ በማያገኘው መደብ ላይ ይደረድረዋል። ሥራው ሸጋ፣ ሰውየው ክፉ። የሞተችው ሚስቱ ሰው ፊት ቀና ብላ አታውቅም ነበር።

የእናቴ ጥቁር እንደወለቀ ሽማግሌ ላከባት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ በረንዳችን ላይ በርጩማ ወጥቶላቸው ተቀመጡ። የሰፈሩ ሴቶች በየደጃፋቸው ቆመው ጆሯቸውን ጥለዋል። እናቴ ማኪናዋን አላቆመችም፤ እየሰፋች ነው የሰማቻቸው። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "አባቶቼ፣ ስለ ደከማችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ለየኔታ እንዲህ በሉልኝ። እኔን ሲያዩኝ እንደ ብራና ነው የሚያዩኝ፤ የት ላይ ሊፍቁኝ እንደሆነ እንጃ። ፍቀው የጨረሷትን እንደሆነ አይተናል።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ማታውን ቃሉ ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ የኔታ ደርሶ ሲያልፍ ጠላ ቤት በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች "ዛሬስ ማንን ሊፍቁ ነው?" እየተባባሉ ይሥቁ ነበር፤ እሱ እንዲሰማ አድርገው። እሱም ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እናቴ ከሁለት ቀን በኋላ ረሳችው፤ ከአፏ ነገር ሲወጣ እንደዚያ ናት።

በዚያው ዓመት የደብሩ ጻድቅ ገድል አርጅቶ ስለነበር አዲስ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ሥራውም ለየኔታ ደርሶ ተሰጠ። ከክረምት እስከ ክረምት ጻፈው። ለእናቴም ሥራ መጣላት። በገድሉ ውስጥ በየሥዕሉ ላይ ቀለሙ እንዳይፋቅ የሚሰፋ ቀጭን የሐር ጨርቅ አለ፤ ሥዕሉ የሚታየው ያ መጋረጃ ሲገለጥ ነው። የደብሩ አለቃ ሐሩን ልከው በልኩ ቆርጣ ጠርዙን እንድትዘመዝም አዘዟት፤ መጽሐፉ ላይ የሚሰፉት ካህናቱ ናቸው። እናቴ ሥራውን በደስታ ነው የያዘች። አረንጓዴውን፣ ቀዩን፣ ወርቃማውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በማኪና ሳይሆን በእጇ፣ ክሩ እስከማይታይ ድረስ አሳንሳ ዘመዘመችው። ዋጋ ሲሏት "ለጻድቁ ነው" ብላ እምቢ አለች።

የጻድቁ ክብረ በዓል ደረሰ። ያን ዕለት የለበስሁትን አስታውሳለሁ፤ እናቴ ከራሷ ቀሚስ ጥለት ተርፎ የነበረውን ቁራጭ እጀታዬ ላይ ሰፍታልኝ ነበር። በሴቶቹ በኩል ከፊት ቆመናል። ቅዳሴው አልቆ አዲሱ ገድል በጥላ ታጅቦ ወጣ። ካህኑ ጥቂት አነበበ፤ ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ወደ ምእመኑ ያሳይ ጀመር። ጻድቁ ሲወለዱ፣ እልል ተባለ። ጻድቁ ሲመነኩሱ፣ እልል ተባለ። ቀጥሎ አረንጓዴውን ሐር ገለጠ። ጻድቁ በዋሻ በዓታቸው ቆመው ይጸልያሉ፤ በደጃፉ ደግሞ ሊያስቷቸው አንድ ሹም የላካት ሴት ቆማለች።

በጎንደር አሣሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎን ነው፤ ይሁዳም፣ ሰይጣኑም፣ ገራፊውም አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ፊደል ያልቆጠረውም ያውቃል። ሴቲቱ በጎን ተሥላ ነበር። ቀሚሷ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ቢጫና ሐምራዊ። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፤ የታችኛው መስመር ማንም እንዲያየው ጎልቶ ተቋርጧል።

እልልታው ጀምሮ ቆመ። ከኋላችን አንዲት ሴት "ውይ፣ አስካለ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አንገት ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ ሥዕሉን አየች፣ እጀታዬን አየች፣ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። ካህኑ ምንም የገባው አይመስለኝም፤ ገጹን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆየ። ሰው ሊሳለም ሲሰለፍ እናቴም ተሰለፈች። ካልተሳለመች ሌላ ይባላል። የራሷን ፊት ተሳልማ እጄን ይዛ ወጣች። የኔታ ደርሶ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ ጊዜ አልሆነም። አስቀድሞ የካህናቱ ሚስቶች ልብስ ማምጣት ተዉ። ቀጥሎ እናቴ ክርስትና ያነሣችው ልጅ እናት መንገድ ላይ ስታያት ተሻግራ ሄደች። ሥዕሉ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። "ያለ ነገር አይስላት፤ ሄዳበት ነው" ተባለ፤ "እምቢ ቢላት ነው ያን ቀን የሰደበችው" ተባለ። ልጆቹ ደግሞ ዘፈን አወጡልን፤

አንድ ዓይና አስካለ፣
ሌላው የት ዋለ?

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ይዘፍኑልኛል፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ይዘፍኑልኛል። ዜማው ደግሞ ሸጋ ነበር፤ እኔ ራሴ ሳላስበው ዕቃ እያጠብሁ ሳንጎራጉረው እናቴ ሰምታ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ወደ ደብሩ አለቃ ሄደች። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። አለቃው ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወንበር ሰጧት።

"ያቺ ሴት እኔ ነኝ፣ አባቴ" አለቻቸው። "ያስፍቁልኝ።"

"ልጄ፣ ገድል ላይ ስምሽ አልተጻፈ። አንቺ ካልሆንሽ ምን አስቆጣሽ? አንቺ ከሆንሽ ደግሞ" አሉና አልጨረሱትም። ከዚያ "የተባረከ መጽሐፍ አይፋቅም" አሉ። "ሠዓሊው ራሱ ፈቅዶ ካላስተካከለው።"

አጎቴ አያ ካሣ ወሬውን ሰምቶ ከጭልጋ መጣ። በእግሩና በጭነት ማኪና መጥቶ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ተቀመጠ። የእናቴ ታላቅ ነው፤ ነገር አያበዛም።

"አስካል፣ ምነው እስካሁን አላክሽብኝ?"

"ምን ልታደርገው ነው ምልክብህ፣ አያ?"

"ሰውየው ሸጋ እጅ አለው አሉኝ። ያን እጁን እሰብርለታለሁ።"

እናቴ ምግብ አቀረበችለት፤ እጁን አስታጠበችው፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለች። "እጁ ከተሰበረ ማን ያስተካክልልኛል?" አለችው። አያ ካሣ የያዘውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰ። በማግስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሲሄድ የእኔን ራስ በትልቅ እጁ ዳበሰ።

የቀረውን የጨረስሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ወይም ጥርሴ። ቧንቧው ጋ ወረፋ ይዘን ሳለ አንዲት ልጅ "የአንድ ዓይናዋ ልጅ ወደ ኋላ" አለችና እንስራዬን ገፋችው። ያዝኋት። ሌሎቹ ተባብረው ገፈተሩኝና በፊቴ የቧንቧው ሲሚንቶ ላይ ወደቅሁ። የፊት ጥርሴ ወጥቶ እዚያው ቀረ። አፌ አብጦ፣ ደረቴ በደም ርሶ ቤት ስገባ እናቴ አልጮኸችም። አጠበችኝ። ነጠላዋን ለበሰች። እጄን ይዛ ወደ የኔታ ደርሶ ቤት ወሰደችኝ።

ደጃፉ ላይ አጎዛው ላይ ተቀምጦ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በመቃ ብዕሩ ጫፍ ሐረግ ያጠላልፍ ነበር። ግቢው ያ የቆዳ ሽታ ሞልቶታል።

"የኔታ" አለችው። "ለራሴ ብዬ አልመጣሁም። ያቺን ሴት ያስተካክሉልኝ።"

"የትኛዋን ሴት?"

"ያውቋታል።"

"እኔ የጻድቁን ፈታኝ ነው የሣልሁ። አንቺ ነሽ ያለ ሰው አለ?"

"አገሩ ሁሉ ነው ያለኝ።"

ያን ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የእኔን አፍ አየ። "ታዲያ ምን ላድርግልሽ?"

"ፊቷን ያዙሩልኝ። ሁለተኛ ዓይን ይሥሩላት።"

ጣቱ ላይ የነበረውን ቀይ ቀለም በጨርቅ ጠረገ። "ሁለተኛውን ዓይን ብሠራላት ታገቢኛለሽ?" አለ።

እናቴ ያበጠ ከንፈሬን አየች። ስትናገር ድምጿ ያው የዘወትሩ ነበር። "የሚሠሩት ከሆነ፣ እሺ።"

በሰማንያ ተጋቡ። ድግስ አልነበረም። ማኪናዋን ሁለት ሸክላ ሠሪ ጎረቤቶች ተሸክመው ወደ ላይ አወጡላት። የገረመኝ የሰፈሩ ነገር ነው፤ በገባንበት ወር ዘፈኑ ቀነሰ። "ለካ ወዳት ኖሯል" ተባለ። ሴቶቹ እንደገና ቀሚስ ያመጡላት ጀመር። ያ ሁሉ ሰው እናቴን በጎን አይቷት እንደነበር ረሳ፤ እሷ ግን በየክብረ በዓሉ አረንጓዴው ሐር ሲገለጥ መሬት ታያለች።

በዚያ ቤት አደግሁ። ቀንዶቹን የማጥበው እኔ ነበርሁ፤ ቀለም መለወስም ተማርሁ። ሰውየውን እየጠላሁ እጁን ስመለከት እውላለሁ። እናቴን አይመታትም፤ ያን አያስፈልገውም ነበር። ሰው ሲመጣ ይጠራትና "ይቺ ናት ጻድቁን የፈተነች" እያለ ያስተዋውቃታል፤ እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ። ዓይኑን ስትጠይቀው "ለፋሲካ" ይላታል። ፋሲካ ያልፋል። "መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አላወጡልኝም" ይላታል። ክረምት ይመጣል፤ "በእርጥበት ቀለም አይይዝም" ይላታል። እንዲህ እያለ እኔ ትምህርቴን ጨረስሁ፣ የመምህርነት ኮርስ ገብቼ ወጣሁ፣ አዘዞ ተመድቤ ማስተማር ጀመርሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ልጠይቃቸው መጣሁ። እናቴ ማኪናዋ ላይ ናት። "የኔታ፣ ዘንድሮስ?" አለችው፤ እንደ ልማዷ። እሱ ከሰል አነሣ፤ የብራና ቁራጭ ሳበ፤ በአንድ መስመር፣ እጁን ሳያነሣ፣ የሴት ፊት በጎን አወጣ። አፍንጫዋ፣ ከንፈሯ፣ አንዱ ዓይኗ። እናቴ ነበረች፤ እንደዚያ ባለ ፍጥነት እንደዚያ መምሰል መቻሉ ያስፈራል። ከዚያ በዚያው ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመረ። ፊቱ ተበላሸ፤ አፍንጫው ከጉንጭ ላይ የበቀለ መሰለ፤ ሰውም አውሬም ያልሆነ ነገር ወጣ። ወደ እሷ ገፋላት።

"አየሽ? በጎን ያለ ፊት ሁለት ዓይን አይችልም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬም ያውቀዋል።"

"እርስዎስ መቼ አወቁት?"

"ያን ዕለት ስትመጪም አውቀው ነበር።"

ማኪናው ቆመ። "ታዲያ ምነው አገቡኝ?"

"ስለ ብራናው የተናገርሽውን ሰው ሁሉ ረሳው" አለ። "አንቺም ረስተሽዋል። እኔ አልረሳሁም።"

እናቴ ቁራጩን አነሣች፤ ብዙ አየችው፤ መልሳ አጠገቡ አስቀመጠችው። ከዚያ "ምሳህ ቀርቧል" አለችው። ምሳህ። እስከዚያ ዕለት ድረስ አንቱ ነበር የምትለው። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊትም፣ ካህን ፊትም፣ አንቱ አላለችውም። እሱም አልተቆጣም፤ የሆነ ነገር እንዳለቀ የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ታመመ። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉት። ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ሞተ፤ እጁ ደረቱ ላይ ታጥፎ ቀረ፤ ምላሱ ተያዘ፤ ከሚናገረው አንዲቷ ብቻ ትሰማ ነበር፤ "ብርሃን"።

እናቴ አስታመመችው። በየቀኑ ታጥበዋለች፣ አንሶላውን ትለውጣለች፣ ሽሮ በማንኪያ ታበላዋለች። ገላው ላይ አንድ ቁስል አልወጣበትም። ሰፈሩ አመሰገናት፤ "አስካለ ጸደቀች" ተባለ። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምመጣ የሚሆነውን አይቻለሁ። አልጋው ግራው በመስኮቱ፣ ቀኙ በግድግዳው በኩል ነበር። ብርሃኑ ከመስኮቱ ነው። እናቴ አጥባ ስትጨርስ ወደ ግድግዳው አዙራ ታስተኛዋለች። በጭቃ የተመረገ፣ አንድ ጌጥ የሌለበት ግድግዳ። በራሱ መዞር አይችልም። ሰው ሲመጣ ታዞረዋለች፤ ሰው ሲሄድ ትመልሰዋለች።

"ብርሃን" ይላል።

"በጎን ነው የምትተኛ" ትለዋለች። ትከሻውን በትራስ ትደግፍለታለች፤ እንዲመቸው አይደለም፣ ተንሸራቶ ወደ መስኮቱ እንዳይመለስ ነው።

አንድ ቀን ቀንዶቹን ሰብስባ አልጋው አጠገብ አመጣች። ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ያን ቀን ብቻ ያለ እንግዳ አዞረችው። ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ዓመታት ያቦካውን ጥቁር፣ አንድ በአንድ ሳፋ ውስጥ እየደፋች አጠበችው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ፣ ሐምራዊ ሆነ፣ በመጨረሻ ጥላሸት ሆነ። የታጠቡትን ቀንዶች ጨውና ሚጥሚጣ ሞልታ መደቡ ላይ መለሰቻቸው። ከግራ ዓይኑ እንባ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላዘንሁለትም። ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ንስሐ አባቴ ቢቆጡኝም፣ አላዘንሁለትም።

ሲሞት ቀብሩ እንደ ትልቅ ሰው ቀብር ነበር። ካህናቱ ከየደብሩ መጡ፤ "ቤተ ክርስቲያናችንን ያስጌጠች እጅ" ተብሎ ተነገረለት። እናቴ ጥቁር ለብሳ አፈር እስኪመለስ ቆመች። ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ የደብር አለቃ ተሾመ፤ የተማረ፣ ደግ ሰው ነበር። ታሪኩን ከሰው ሰምቶ ቤታችን ድረስ መጣ። "እናቴ፣ ሳይፋቅ ቆይቶ በድለንዎታል" አላት። "ጎበዝ ሠዓሊ አግኝቻለሁ፤ ፍቆ ሌላ ሴት ይሥላል።"

እናቴ ያን ጊዜ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ተስኗት ማኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። አሰበችበት። "ተዉት" አለች። "እስከ ዛሬ የእኔ ነውር ነበር። እኔም እሱም ከሄድን ግን የሚቀረው የእሱ ሥራ ነው። ከተፋቀ ምን አድርጎ እንደሞተ ማን ያውቃል? ይኑር፤ ይመስክርበት።" አለቃው እጇን ስሞ ሄደ። እሷም በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም አረፈች፤ ሳትሠቃይ፣ በእኔ ቤት፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ባለፈው ዓመት ለክብረ በዓሉ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ከፀዳ በሚኒባስ፣ ከፒያሳ በባጃጅ። ደብሩ አሁን ትንሽ የዕቃ ማሳያ ቤት ሠርቷል፤ ገድሉ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የተገለጠው ገጽ ያው ነው፤ ከሥዕሎቹ ሁሉ እሱ ይበልጣል ብለው መርጠውት። ሐሩ ወደ ጎን ታጥፎ ይታያል፤ አረንጓዴው ነጥቷል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳ ብርቅ ሆኗል፤ ያን ዕለት ግን ሁለት ፈረንጆች፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ ከአንድ አስጎብኚ ልጅ ጋር ቆመው ነበር። ልጁ ትሑት፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የሚፈስ ነው። ሲጨርስ "ምን እያልሃቸው ነው?" አልሁት።

"ስለዚች ሴት ነው፣ እማማ። የሠዓሊው ሚስት ናት። በጣም ይወዳት ስለነበር ገድሉ ላይ አስገብቶ ሣላት።"

"ማን ነገረህ?"

"እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።"

እናቴ ናት አልሁት። ከዚያ ነገርሁት። ሽማግሌ የላከበትን ቀን፣ የብራናውን ነገር፣ በጎን መሣል ምን ማለት እንደሆነ፣ ዘፈኑን፣ ጥርሴን፣ የሠራላት ዓይን እንደሌለ፣ ያስታመመችውን። ሳላቋርጥ ነገርሁት። ልጁ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ ወደ እንግዶቹ ዞሮ በአንድ ትንፋሽ የሆነ ነገር ተናገረ። ፈረንጇ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ መጥታ አቀፈችኝ። ባሏ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ምን አልሃቸው?" አልሁት።

"የሴትዮዋ ልጅ ናቸው አልኋቸው" አለ። "ሠዓሊው እንጀራ አባታቸው ነው፣ ሥዕሉን የሚሸፍነውን ሐር የዘመዘመችው እናታቸው ናት፣ ሲታመም እስከ መጨረሻው እሷ ናት ያስታመመችው አልኋቸው።"

አሰብሁት። አንዱም ውሸት አልነበረበትም።